ድንበር ሲነሣ ትርፉ ወዴት ይሄዳል?

አገሮች ገበያቸውን አንድ ለማድረግ ተስማሙ የሚል ዜና ስሰማ ከስምምነቱ ሰነድ ውስጥ ቀድሜ የምፈልገው አንድ ክፍል አለ። የሕዝቡ ብዛት ተደምሮ ስንት መቶ ሚሊዮን እንደሚሆን የሚያበስረውን መግቢያ አልፈዋለሁ። የምፈልገው በድንበር የሚሰበሰበው ቀረጥ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ፋብሪካው ሁሉ ወደ አንዱ አገር ሲሰበሰብ ሌላው ምን እንደሚያገኝ፣ ተጎዳሁ የሚል ወገን ለማን አቤት እንደሚል የሚናገረውን ክፍል ነው። አንዳንዴ ይህ ክፍል በረጅምና አሰልቺ ቀመር ተሞልቶ አገኘዋለሁ፤ ያን ጊዜ ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ዝርዝሩ ወደፊት በሚወጣ ፕሮቶኮል እንደሚወሰን ተነግሮ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታልፏል። እንዲህ ያለውን ስምምነት ሳነብ እፈራለታለሁ።

ስለ ቀጠናዊ ውህደት ከሚጻፈው አብዛኛው የሚከራከረው ትርፍ አለው ወይስ የለውም በሚለው ላይ ነው። ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ግን ወደ ሌላ ጥያቄ እየተገፋሁ መጥቻለሁ። ትርፉ ብዙ ጊዜ አለ። ኅብረቶችን ሲያፈርስ የማየው፣ የተገኘው ትርፍ ማንም ሳያካፍለው በራሱ ጊዜ ለሁሉም ይደርሳል የሚለው እምነት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ነገሩን ለመረዳት ከጄኮብ ቫይነር መጀመር ይሻላል። ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረው ይህ ሊቅ በ1950 ጥናቱን እስኪያሳትም ድረስ የብዙ ኢኮኖሚስቶች ሐሳብ ቀለል ያለ ነበር። ነጻ ንግድ ጥሩ ከሆነ፣ በጥቂት አገሮች መካከል ብቻ የሚደረግ ነጻ ንግድም ወደዚያው የሚያስጠጋ እርምጃ ነውና ጥሩ ነው ይሉ ነበር። ቫይነር ይህ ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ አሳየ። ያሳየበት መንገድ ማንም በወረቀት ላይ ሊሠራው የሚችል ስሌት ነው።

አንዲት አገር ጨርቅ ከሩቅ አገር በ100 ትገዛለች እንበል፤ በዚያ ላይ 30 ቀረጥ ትጥላለች። ጎረቤቷ ያንኑ ጨርቅ የምታመርተው በ120 ነው። ቀረጡ በሁለቱም ላይ እኩል በነበረ ጊዜ የሩቁ 130፣ የጎረቤቱ 150 ስለሚሆን ገዢው የሩቁን ይመርጣል፤ መንግሥትም 30 ይሰበስባል። ጎረቤታሞቹ ሲዋሐዱ የጎረቤት ጨርቅ ቀረጡ ተነሥቶለት በ120 ይሸጣል፤ ገዢውም ወደዚያ ይዞራል። ገዢው 10 ቀነሰለት። መንግሥት ግን 30 አጣ። ተደምሮ ሲታይ አገሪቱ 20 ከስራለች። ያ 20 የትም አልጠፋም፤ የጎረቤት አምራች ከሩቁ አምራች አብልጦ የሚያወጣውን ወጪ ሸፈነ። ይህ ንግድን ከርካሹ ወደ ውዱ ማዞር ነው። አገሪቱ ከሩቅ መግዛቷን ትታ ራሷ በቀረጥ ከለላ ውስጥ በ125 ታመርት ከነበረ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከጎረቤት በ120 መግዛት 5 ያተርፋታል፤ ያልነበረ ንግድም ይፈጠራል። አንድ ኅብረት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው፣ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ይበዛል በሚለው ይወሰናል።

ይህ ስሌት በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ትምህርቱ የሚቆመው በ20ው ኪሳራ ላይ ሲሆን እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ጎረቤቷ አዲስ ገበያ አግኝታለች። ፋብሪካዋ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ግብር ይከፍላል፣ ከዓመት ዓመት ሥራውን እየለመደ ይሄዳል፤ ምናልባትም አንድ ቀን ዋጋውን ወደ 100 ያወርዳል። ስለዚህ ኅብረቱ በጠቅላላው ውሎ አድሮ ሊያተርፍ ይችላል። ግን ያንን ፋብሪካ በሰው ምድር ያሳደገችው የቀረጥ ገቢዋን የተወችው አገር ናት። በየትኛውም በጀት ላይ ያልተመዘገበ ድጎማ በየዓመቱ ለጎረቤቷ ትከፍላለች። ካልተመዘገበ ደግሞ የሚያመሰግናትም፣ የሚመልስላትም የለም።

በዚህ ላይ የፋብሪካ ጠባይ ይጨመርበታል። ፋብሪካ ሌላ ፋብሪካ ያለበትን ይወዳል፤ የሰለጠነ ሠራተኛ፣ መለዋወጫ፣ ባንክ፣ መብራት የሚገኘው እዚያ ነው። ፖል ክሩግማን በ2008 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ይህን ያስረዳል፤ የመጓጓዣና የድንበር ወጪ ሲቀንስ ኢንዱስትሪ በየቦታው ይበተናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። እንዲያውም በአንድ ቦታ ተከማችቶ ሌላውን ገበያ ከዚያው ሆኖ ማስተናገድ ሊቀለው ይችላል። ድንበሩ ከለላ ነበረ፤ ድንበሩ ሲነሣ ደካማው ወገን ገበያ ያገኛል፣ ከለላውን ግን ያጣል። የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ አስቀድሞ መናገር አይቻልም።

ይህን ከተረዱ የቆዩ ገዢዎች መካከል ኃያል የጀርመን መንግሥት የነበረችው የፕራሻ ሹማምንት ይገኙበታል። ከናፖሊዮን ጦርነቶች በኋላ የጀርመን ምድር በ39 መንግሥታት ተከፋፍሎ ነበር። ኢኮኖሚስቱ ፍሪድሪኽ ሊስት በ1819 ነጋዴዎችን ወክሎ ባቀረበው አቤቱታ፣ ከሃምቡርግ ወደ ኦስትሪያ ዕቃ የሚልክ ሰው አሥር መንግሥታትን ማቋረጥ፣ አሥር የጉምሩክ ሥርዐት ማጥናት፣ አሥር ጊዜ የመተላለፊያ ቀረጥ መክፈል እንዳለበት ዘርዝሯል። ፕራሻ የመራችው የጉምሩክ ኅብረት (አባላቱ በመካከላቸው ያለውን ቀረጥ አንሥተው ከውጭ በሚመጣው ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ የሚጥሉበት ማኅበር)፣ ጾልፈራይን፣ በጃንዋሪ 1834 ሥራ ሲጀምር በጋራ ድንበር የሚሰበሰበው ቀረጥ የሚከፋፈለው በሕዝብ ብዛት እንዲሆን ተደረገ። በየትኛው በር ብዙ ዕቃ ገባ የሚለው አልታየም። ዋናዎቹን የንግድ መንገዶች የያዘችው ፕራሻ የበለጠ ልትጠይቅ ትችል ነበር፤ አልጠየቀችም። ውሳኔም በሙሉ ስምምነት እንጂ በድምፅ ብልጫ እንዳይሆን ትናንሾቹ ዋስትና አገኙ። ረጅሙን ድንበራቸውን ለማስጠበቅ ከሰበሰቡት ቀረጥ ብዙውን ያጠፉ ለነበሩት ትናንሽ መንግሥታት ይህ ትልቅ ገንዘብ ነበር።

ፕራሻ ይህን ያደረገችው በቸርነት አልነበረም፤ ከኦስትሪያ ጋር ለነበራት ፉክክር ወዳጅ መግዛቷ ነው። የሚገርመኝ ግን ውጤቱ ነው። በ1866 ፕራሻና ኦስትሪያ ሲዋጉ ከኅብረቱ አባላት በርካታዎቹ ከኦስትሪያ ጎን ተሰልፈው ፕራሻን ወጉ። በጦር ሜዳ እየተገዳደሉም የጉምሩክ ኅብረቱ ሥራውን አላቋረጠም። ከዚህ የበለጠ ስለ ገንዘብ ክፍፍል ጉልበት የሚነግረኝ ታሪክ አላውቅም።

ክፍፍሉ ስለተጻፈ ብቻ ፍትሐዊ ይሆናል ማለት አይደለም። በዓለም ላይ እስካሁን ካሉት የጉምሩክ ኅብረቶች ሁሉ አንጋፋው የደቡብ አፍሪካ የጉምሩክ ኅብረት በ1910 ሲመሠረት፣ በብሪታኒያ ሥር የነበሩት የዛሬዎቹ ሌሶቶ፣ ቦትስዋናና ኤስዋቲኒ ሦስቱም ተደምረው የተሰጣቸው ከገቢው 1.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ 98.7 በመቶው የደቡብ አፍሪካ ነበር። ይህ ድርሻ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። ሦስቱ ነጻ ከወጡ በኋላ በ1969 ቀመሩ እንደ አዲስ ተጻፈ፤ የአዲሱም አጻጻፍ ለእኔ ከብዙ ንግግር ይበልጥብኛል። ትናንሾቹ አገሮች በትልቋ ጎረቤት ቀረጥ ምክንያት ዕቃ በውድ ስለሚገዙ፣ ፋብሪካም ወደ እሷ ስለሚሳብ፣ የራሳቸውን የቀረጥ ፖሊሲ የማውጣት ነጻነት ስላጡ ድርሻቸው በ1.42 እንዲባዛ ተወሰነ። ማለትም የቫይነር ስውር ድጎማ ቁጥር ወጣለት። በ2002 ቀመሩ ድጋሚ ተሻሽሎ የጉምሩክ ገቢው እያንዳንዱ አባል ከሌሎቹ አባላት በሚገዛው ዕቃ መጠን እንዲከፋፈል ሆነ፤ ከጎረቤት ብዙ የገዛ ብዙ ይመለስለታል። ከኤክሳይስ ታክሱም 15 በመቶው ለልማት ተለይቶ ለድሆቹ አባላት የበለጠ እንዲደርስ ተደረገ።

ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ሌሶቶና ኤስዋቲኒ የመንግሥት ገቢያቸውን ትልቅ ክፍል ከዚያ ቋት ስለሚጠብቁ፣ ከ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ የደቡብ አፍሪካ ገቢ ንግድ ሲቀዘቅዝ ድርሻቸው በአንዴ አሽቆለቆለ። ኤስዋቲኒ፣ ያኔ ስዋዚላንድ፣ በ2011 ደመወዝ ለመክፈል እስከመቸገር ደረሰች። ካሳ በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል በጀት ይሞላል፤ ፋብሪካ ግን አይተክልም። ይህን እያወቅሁም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ኅብረት ማክበሬን አልተውም።

ደጋግሜ የምመለስበት ታሪክ ግን የምሥራቅ አፍሪካው ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንጋኒካ (በኋላ ከዛንዚባር ጋር ታንዛኒያ የሆነችው) በቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ የጉምሩክ ኅብረታቸው የተሟላ ነበር። የጋራ ሽልንግ ነበራቸው፤ የጋራ ባቡርና ወደብ፣ የጋራ ፖስታ፣ በኋላም የጋራ አየር መንገድ። ብዙ ኅብረቶች ዛሬ ለልጅ ልጆቻቸው በዕቅድ ያስቀመጡትን እነሱ በእጃቸው ይዘውት ነበር። ፋብሪካው ግን በናይሮቢና በዙሪያዋ ከተመ። የጋራ ድርጅቶቹም ዋና መሥሪያ ቤቶች በአብዛኛው እዚያው ነበሩ። ኡጋንዳና ታንዛኒያ ከለላ በተደረገለት ገበያ ውስጥ የኬንያን ዕቃ እየገዙ፣ ቀረጡን እያጡ፣ የሥራ ዕድሉን ከሩቅ ያዩ ነበር።

ችግሩን ያላየ ሰው አልነበረም። በ1961 የሬይዝማን ኮሚሽን ከጋራ ገቢ የተወሰነውን ለማካፈል የሚያስችል ቋት እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። በ1964 በካምፓላ ኢንዱስትሪዎችን ለየአገሩ ለመመደብ ተስማሙ፤ ኬንያ ግን ስምምነቱን አላጸደቀችውም። በ1966 የጋራው ሽልንግ ቀርቶ ሦስት ገንዘብ ሆነ። ከዚያ በ1967 ውል ተፈረመ፤ ከታሪኩ ሁሉ የሚያመኝ ይህ ክፍል ነው። ውሉ ክፍፍሉን ጽፎታልና። ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ አሩሻ አዛወረ። የምሥራቅ አፍሪካ ልማት ባንክን በካምፓላ አቋቋመ፤ ሦስቱ እኩል አዋጥተው ኬንያ ከብድሩ 22.5 በመቶ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ግን እያንዳንዳቸው 38.75 በመቶ እንዲያገኙ አደረገ። በፋብሪካ ምርት ንግድ ጉድለት ያለባት አገር ከጎረቤቷ በሚገባው ዕቃ ላይ «የማስተላለፊያ ታክስ» እንድትጥልም ፈቀደ።

በአሥር ዓመት ውስጥ ሁሉም ፈረሰ። የተለመደው መልስ ፖለቲካው ነው፤ መልሱ ልክ ነው። ታንዛኒያ ሶሻሊዝምን፣ ኬንያ የግል ሀብትን መንገዷ አደረገች። በጃንዋሪ 1971 ኢዲ አሚን በኡጋንዳ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥም አሉ፤ የኅብረቱ የበላይ አካል ደግሞ የሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ጉባኤ ነበር። ውሳኔ ሁሉ የእነሱን ፊርማ ስለሚጠብቅ ጉባኤው ሲቆም ኅብረቱም ቆመ። እኔ ግን ፖለቲካው ያገኘው የተሰነጠቀ ግድግዳ ነው እላለሁ። የማካካሻው መሣሪያ ራሱ ሌላ ቀረጥ ነበር፤ ገበያውን አንድ ለማድረግ የተጻፈ ውል በገበያው መካከል አጥር እንዲተከል ፈቀደ። ባንኩ አቅሙ ከተጣለበት ተስፋ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማካካሻው የመጣው ቂሙ ከተቋጠረ በኋላ ነው። ኡጋንዳና ታንዛኒያ እንደ ይቅርታ ተቀበሉት፤ ኬንያ እንደ ቅጣት አየችው። በ1977 መጀመሪያ አየር መንገዱ ተበተነ፤ ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች፤ እስከ 1983 መጨረሻ አልተከፈተም። የጋራውን ንብረትና ዕዳ ለመከፋፈል መስማማት እስከ 1984 ወሰደ።

በ1999 አዲስ ውል ፈርመው ኅብረቱን ሲያስነሡት ያለፈውን እንዳልረሱት ያሳየኝ አንድ አንቀጽ አለ። በ2005 የጉምሩክ ኅብረቱ ሲጀመር የኡጋንዳና የታንዛኒያ ዕቃ ወደ ኬንያ ወዲያውኑ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ተደረገ፤ ወደ ሁለቱ የሚገባው የተወሰነ የኬንያ ዕቃ ግን ቀረጡ በአምስት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሰ እንዲያልቅ ሆነ። ጠንካራው ይጠብቃል፣ ደካማው ይቀድማል። ጊዜ ራሱ ማካካሻ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ተምሬያለሁ፤ ከቋት ገንዘብ ይልቅ ክብርን የማይነካም ይመስለኛል።

በመካከለኛው አሜሪካ ታሪኩ አጭርና መራራ ነው። በ1960 የተመሠረተው የጋራ ገበያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአባላቱን የእርስ በርስ ንግድ በፍጥነት አሳደገ። ሆንዱራስ ግን ፋብሪካው ኤል ሳልቫዶርና ጓቲማላ ሲበዛ እሷ ገዢ ብቻ ሆና መቅረቷን ስታማርር ቆየች። በ1969 ከኤል ሳልቫዶር ጋር የገጠመችው የጥቂት ቀናት ጦርነት ዋና ምክንያቱ መሬትና በሆንዱራስ የሰፈሩ የኤል ሳልቫዶር ስደተኞች ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ከጋራ ገበያው ስትወጣ የሚያስቀራት ጥቅም አልነበራትም።

አውሮፓ ሁልጊዜ እንደ አርአያ ስለሚጠቀስ ብዙ አልቆይበትም። ሰው የሚጠቅሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀረጡ በ1968 ከታቀደው ቀድሞ መነሣቱን ወይም በ1993 የተጀመረውን ነጠላ ገበያ ነው። ከጀርባ ያለው የገንዘብ ዝውውር አይነገርለትም። በ1957ቱ የሮም ውል ጊዜ እንኳ ደቡብ ጣሊያን ወደ ኋላ እንዳይቀር በማሰብ የኢንቨስትመንት ባንክና የማኅበራዊ ፈንድ ተካትተዋል። በ1975 የክልሎች ልማት ፈንድ ተቋቋመ። ነጠላው ገበያ ሲታቀድ ዣክ ዴሎር የሚመሩት ኮሚሽን ለድሆቹ ክልሎች የሚሄደው ገንዘብ እጥፍ እንዲሆን በ1988 አስወሰነ። ሰፊውን ገበያ የፈለጉት ሀብታሞቹ ነበሩ፤ ስፔን፣ ፖርቹጋል፣ ግሪክና አየርላንድ እሺ ሲሉ ዋጋውን ጠየቁ፤ ተከፈላቸውም። ገንዘቡ ብቻውን ተአምር አልሠራም፤ አየርላንድ ስትለወጥ ተመሳሳይ ድጋፍ ያገኘችው ግሪክ ያን ያህል አልተጠቀመችም። ነገር ግን የሚጮህ ሰው የሚጮህበት አድራሻ ነበረው።

ከአውሮፓ ታሪክ ውስጥ ብዙም የማይነገር ሌላ የክፍፍል ጉዳይ አለ፤ የማን ደንብ ይሠራል የሚለው። ጀርመን የፍራፍሬ ሊኬር ቢያንስ 25 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል የሚል ሕግ ነበራት፤ «ካሲስ ደ ዲዦን» የተባለው የፈረንሳይ መጠጥ ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነበር። በ1979 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በአንዱ አባል አገር በሕግ የተሸጠ ዕቃ ከባድ ምክንያት ካልኖረ በስተቀር በሌላውም ሊከለከል አይገባም ሲል ወሰነ። በዚህ ውሳኔ ትንሿ አገር የትልቋን ደንብ ለማሟላት ፋብሪካዋን ማፍረስ ቀረላት። ሁሉም በትልቁ መለኪያ ይለካ ቢባል ኖሮ፣ ቀረጥ ሳይኖርም ትርፉ ወደ ትልቁ ባዘነበለ።

ገንዘባቸውን አንድ ሲያደርጉ ግን ይህን ብልሃት የተዉት ይመስለኛል። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ማንደል በ1961 አገሮች አንድ ገንዘብ ሲጠቀሙ አንዱን ብቻ የሚመታ ድንገተኛ የኢኮኖሚ ችግር በምን ይቻላል ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ሠራተኛው ካልተንቀሳቀሰ፣ ደመወዝም ካልተለዋወጠ ሥራ አጥነት ይሆናል። በ1977 ለአውሮፓ ኮሚሽን የቀረበው የማክዱጋል ዘገባ ደግሞ የጋራ ገንዘብን ለመሸከም የሚችል አነስተኛ ፌዴራላዊ በጀት ከጠቅላላ ምርቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ መሆን አለበት አለ። ዩሮ በ1999 ሲጀመር የኅብረቱ በጀት 1 በመቶ አካባቢ ነበር፤ ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም። በ2013 የግሪክ ሥራ አጥነት ከ27 በመቶ አለፈ። የራሷ የበጀት አያያዝ ጥፋት እንዳለበት አውቃለሁ። ያም ሆኖ አንድ ትውልድ ሥራ ፍለጋ ሲሰደድ የጋራው ገንዘብ የጋራ ካዝና አልነበረውም። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ 750 ቢሊዮን ዩሮ በጋራ ስም ለመበደር ሲስማሙ፣ ዘግይቶም ቢሆን ያ ክፍል መጻፍ ጀመረ ብዬ ተደሰትኩ።

ክፍፍሉ በአገሮች መካከል ብቻ አይደለም፤ በአንድ አገር ውስጥም አለ። ሹሻኒክ ሃኮብያንና ጆን ማክላረን በ2016 ባሳተሙት ጥናት የሰሜን አሜሪካው ነጻ የንግድ ስምምነት በአሜሪካ ሠራተኞች ደመወዝ ላይ ያደረሰውን መርምረው ነበር። በአማካይ ሲታይ ውጤቱ ትንሽ ነው። ከሜክሲኮ ዕቃ ጋር በቀጥታ በተፎካከሩ ኢንዱስትሪዎችና አካባቢዎች ለነበሩ፣ በትምህርት ላልገፉ ሠራተኞች ግን የደመወዝ ዕድገቱ በእጅጉ ተጎትቷል። ትርፉ በብዙ ሚሊዮን ገዢዎች መካከል በሳንቲም ይበተናል፤ ኪሳራው በጥቂት ከተሞች ላይ በሙሉ ክብደቱ ይወርዳል። በሳንቲም ያተረፈ ሰው ስምምነቱን ለመከላከል አደባባይ አይወጣም፤ ሥራውን ያጣ ግን ድምፁን ይዞ ይጠብቃል። ይህን የሚረሱ የንግድ ተደራዳሪዎች በኋላ በምርጫ ውጤት ሲደነግጡ ማየት ያሳዝነኛል።

አሁን ዓይኔን የማልነቅልበት የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጠና ነው። በማርች 2018 ኪጋሊ ላይ 44 አገሮች ፈረሙት፤ በሜይ 2019 ሥራ ላይ ዋለ፤ በጃንዋሪ 2021 በስምምነቱ መሠረት ንግድ መጀመሩ ታወጀ። ከዕቃ ዓይነቶች 90 በመቶው ቀረጥ ይነሣላቸዋል፤ በአነስተኛ ደረጃ ያደጉት አገሮች ይህን በ10፣ ሌሎቹ በ5 ዓመት ይፈጽማሉ። 7 በመቶው ስሱ ተብሎ ጊዜ ይሰጠዋል፤ 3 በመቶው ከነጭራሹ ይቀራል። የዓለም ባንክ በ2020 ባወጣው ትንተና ስምምነቱ ሙሉ በሙሉ ከተፈጸመ የአህጉሩ ገቢ በ2035 በ7 በመቶ፣ 450 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊያድግ እንደሚችል ገምቷል። ከዚህ 292 ቢሊዮኑ የሚመጣው ከቀረጥ ቅነሳ ሳይሆን የድንበር ወረቀቱን ከማቅለልና የጉምሩክ አሠራርን ከማቀላጠፍ ነው። በኬላ ላይ ለቀናት የቆመ መኪና የሚያባክነው ነዳጅ፣ የሚበላሸው ጭነት፣ በየቢሮው የሚዞረው ማኅተም ለማንም ወገን ትርፍ አይሆንም። ስለዚህ ይህ ክፍል ካሳ የሚጠይቅ ተጎጂ የለውም ማለት ይቻላል፤ መቅደም ያለበትም እሱ ነው።

ቀረጡ ላይ ሲደረስ ግን የድሮው ጥያቄ ይመለሳል። የአባላቱ የእርስ በርስ ንግድ ገና ከጠቅላላው 15 በመቶ አካባቢ ስለሆነ የመጀመሪያው የቀረጥ ገቢ ኪሳራ ለብዙዎቹ የሚቻል ይሆናል። ከባዱ ፋብሪካው ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው፤ ተደራዳሪዎቹም ይህን እንደሚያውቁ ለመረዳት የት ላይ እንደተጣበቁ ማየት ይበቃል። አንድ ዕቃ የአህጉሩ ምርት ለመባል ምን ያህሉ እዚሁ መሠራት አለበት በሚለው ደንብ ላይ ረጅሙን ጊዜ የወሰዱት ጨርቃ ጨርቅና ልብስ፣ እንዲሁም መኪና ናቸው። ክሩ ከሩቅ መጥቶ እዚህ የተሰፋ ልብስ ያለ ቀረጥ ይለፍ ከተባለ ስፌት ቤት ያላቸው ያተርፋሉ፤ ክሩም እዚሁ ይፈተል ከተባለ ጥጥና መፍተያ ያላቸው ያተርፋሉ። ቴክኒካዊ መስሎ የሚታየው አባሪ እውነተኛው የክፍፍል ውል ነው።

ብዙዎቹ አባላት ደግሞ አስቀድመው በሁለትና በሦስት ቀጠናዊ ማኅበር ውስጥ አሉ። አንድ አገር ሁለት የተለያየ የጋራ የውጭ ቀረጥ ሊያስከብር አይችልም፤ ሆኖም ፊርማው ይደራረባል። የማይተማመን ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል እንደሚባለው ነው። ከአዲስ ፊርማ ይልቅ በተፈረመው ውስጥ የጎደለውን መሙላት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የጎደለውን የሚሞላ አንድ ጅምር አለ። ለዚህ ቀጠና የማስተካከያ ፈንድ ተቋቁሟል፤ የአፍሪካ የገቢና ወጪ ንግድ ባንክ፣ አፍሬክሲምባንክ፣ ለመነሻ 1 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገብቷል። ስለ ፈንዱ የምጠይቀው መጠኑን ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የሚለቀቀው በምን መለኪያ ነው? ያጡትን የቀረጥ ገቢ ለሚቆጥሩ መንግሥታት ነው ወይስ ፋብሪካው ለተዘጋበት ከተማ? የሚወስነው የመሪዎች ጉባኤ ከሆነ፣ ሁለት መሪዎች በተኳረፉ ቀን ምን ይሆናል? ጠንካራዎቹ ኢኮኖሚዎች ከሌላው ቀድመው በራቸውን እንዲከፍቱ የተጻፈው የ5 እና የ10 ዓመት ልዩነትስ፣ ጊዜው ሲያልቅ ደካማዎቹ ለውድድር መድረሳቸውን ማን ለክቶ ይነግረናል? መልሶቹ ቅሬታ ከመጀመሩ በፊት፣ በቁጥር፣ በራሱ በሰነዱ ውስጥ ተጽፈው ማየት እፈልጋለሁ።